ቫት አደገ ሲባል ምኑ ነው ያደገው?

የበጀት ዓመት በተዘጋ ቁጥር ከገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤቶች የሚሰማው ዜና ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። የዘንድሮው ገቢ ካምናው በዚህን ያህል በመቶ በልጧል፣ ዕቅዱም በዚህን ያህል ተሳክቷል ይባላል። ከዚህ ገቢ ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ ካላቸው የታክስ ዓይነቶች አንዱ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በገበያው አጠራር ቫት ነው።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ፉሪ አካባቢ ሲሚንቶ፣ ፌሮ ብረት፣ ቆርቆሮና ቀለም የሚቸረችር ነጋዴ ይህን ዜና ሲሰማ መጀመሪያ የሚያየው የራሱን መደርደሪያ ነው። የሚሸጠው ዕቃ ብዛት ካምናው ያልጨመረ ወይም እንዲያውም የቀነሰ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ገቢው አድጓል ከተባለ ምኑ ነው ያደገው? ንግዱ ነው? ዋጋው ነው? ወይስ ደረሰኝ የሚቆርጠው ሰው ቁጥር?

ሦስቱ አንድ አይደሉም። ንግዱ አድጎ የመጣ ገቢ የኢኮኖሚው ጤንነት ምልክት ነው። ዋጋ ንሮ የመጣ ገቢ ከሸማቹ ኪስ የወጣ ነው። ደረሰኝ ቆራጩ በዝቶ የመጣ ገቢ ደግሞ ትናንት ብቻውን ሲከፍል የነበረው ነጋዴ ሸክም ለጎረቤቱም እየተዳረሰ መሆኑን ያሳያል። በመቶኛ የሚገለጸው ዕድገት ሦስቱን አንድ ላይ አደባልቆ ስለሚያቀርባቸው፣ ለያይቶ ማየት ለነጋዴውም ለሸማቹም ይጠቅማል።

ከሽያጭ ታክስ ወደ ቫት

ቫት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የተካውም በአዋጅ ቁጥር 68/1985 ይሠራበት የነበረውን የሽያጭ ታክስ ነው። የቀድሞው ታክስ በዕቃ ላይ በዋናነት የሚሰበሰበው በሁለት በሮች፣ በጉምሩክ በርና በፋብሪካ በር ነበር። ዕቃው ከእነዚህ በሮች ካለፈ በኋላ ጅምላ አከፋፋዩና ቸርቻሪው የሚጨምሩት ዋጋ ከታክሱ ውጪ ሆኖ ይቀር ነበር። በዚያ ላይ ታክስ የተከፈለበት ዕቃ ለሌላ ምርት ሲውል ታክስ በታክስ ላይ የመደራረብ ችግር ነበረበት።

የቫት መጣኔ ሲጀመር 15 በመቶ ነበር፤ ዛሬም 15 በመቶ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 የ1994ቱን አዋጅ ሲተካ ብዙ ነገር ቢለውጥም መጣኔውን አልነካም። ይህ መታወቅ አለበት። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የቫት ገቢ በብር ሲቆጠር ብዙ እጥፍ የጨመረው መጣኔው ከፍ ስላለ አይደለም ማለት ነው።

ሐሳቡ ራሱ የፈረንሳይ ነው። ሞሪስ ሎሬ የተባሉ የታክስ ባለሙያ ያቀረቡት ይህ ሥርዓት በአገራቸው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር። ዛሬ ከ170 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። ስሙ ግን ከአገር አገር ይለያያል። ኬንያና ኡጋንዳ እንደኛው ቫት ሲሉት፣ ሕንድ የዕቃና የአገልግሎት ታክስ ትለዋለች። አሠራሩ በመሠረቱ አንድ ነው።

ሰንሰለቱ እንዴት ይሠራል?

ቫት የሚጣለው በእያንዳንዱ እጅ ላይ በተጨመረው ዋጋ ልክ ነው። ለማስረዳት ያህል አንድ የፌሮ ብረት ጭነት ከአስመጪው ተነስቶ ፉሪ ሱቅ እስኪደርስ ያለውን ጉዞ እንውሰድ።

አስመጪው ብረቱን ለጅምላ አከፋፋዩ በ100,000 ብር ይሸጣል። 15,000 ብር ቫት ጨምሮ 115,000 ይቀበላል። አከፋፋዩ ያንኑ ብረት ለፉሪው ቸርቻሪ በ120,000 ብር ሲሸጥ 18,000 ብር ቫት ይሰበስባል። ለመንግሥት የሚያስገባው ግን 18,000ውን ሁሉ አይደለም። ሲገዛ የከፈለውን 15,000 አቀናንሶ ቀሪውን 3,000 ነው። ቸርቻሪው በተራው ቤት ለሚሠራ ሰው በ140,000 ብር ሲሸጥ 21,000 ብር ቫት ይቀበላል፤ የከፈለውን 18,000 ቀንሶ 3,000 ያስገባል።

ሲደመር 15,000 እና 3,000 እና 3,000፣ በድምሩ 21,000 ብር ይሆናል። ይህ ደግሞ የመጨረሻው ዋጋ 140,000 ብር 15 በመቶ ነው። መንግሥት ገንዘቡን ከሦስት እጅ ይሰብስብ እንጂ የከፈለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ቤት ሠሪው። ነጋዴዎቹ አሳላፊዎች ናቸው።

የሥርዓቱ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ ሲገዛ የከፈለውን ታክስ ለማቀናነስ ከሻጩ ደረሰኝ መቀበል አለበት። ስለዚህ ገዢው የሻጩ ተቆጣጣሪ ይሆናል። ተቆጣጣሪ ሠራተኛ በየሱቁ ማቆም ሳያስፈልግ የአንዱ ደረሰኝ የሌላውን ሽያጭ ያጋልጣል። ችግሩ ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ነው። ቤት ሠሪው ደረሰኙን ለማንም አቅርቦ የሚያስመልሰው ገንዘብ የለውም። ለእሱ ደረሰኝ ወረቀት ነው፤ 21,000 ብር ግን ገንዘብ ነው።

“በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?”

በአዲስ አበባ ገበያ ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ የወረቀት፣ ሌላው የእጅ በእጅ ነው።

ብዙ ሸማች የዋጋው ልዩነት ሻጩ ከራሱ ትርፍ ላይ የቀነሰው ወይም ለመንግሥት የሚሄደውን ብቻ የተወለት ይመስለዋል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ከላይ ያለውን ምሳሌ እንቀጥል። ቸርቻሪው ብረቱን በሕጋዊ ደረሰኝ በ138,000 ብር ገዝቶ ከሆነ፣ የተለመደውን 20,000 ብር ትርፍ ለማግኘት ያለ ደረሰኝ ሊሸጥ የሚችለው በ158,000 ነው። በደረሰኝ ከሚሸጥበት 161,000 ብር የሚቀንሰው 3,000 ብር ብቻ ነው። 140,000 ብር ሊል የሚችለው እሱ ራሱ ሲገዛም ቫት ያልከፈለ ከሆነ ነው።

ስለዚህ የዋጋው ልዩነት ራሱ ምስክር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ሰንሰለቱ የተበጠሰው የመጨረሻው ሱቅ ላይ ነው። ልዩነቱ ሙሉውን 15 በመቶ የሚያክል ከሆነ ግን ሰንሰለቱ የተበጠሰው ከላይ፣ ከጅምላው ወይም ከዚያም በላይ ነው። መንግሥት በአንደኛው 3,000 ብር ሲያጣ በሁለተኛው ከዚያ ብዙ እጥፍ ያጣል። በየሰፈሩ ትንንሽ ሱቆችን እየዞሩ ማሸግ ብቻውን ገቢን ብዙ የማያሳድገውም ከዚህ የተነሳ ነው። ትልቁ ቀዳዳ ያለው ሽቅብ ነው።

በሌላ በኩል ደረሰኝን በጣም የሚፈልግ ገዢ አለ፤ እሱም በቫት የተመዘገበ ሥራ ተቋራጭ ነው። ለእሱ የ21,000 ብር ደረሰኝ ከሚከፍለው ታክስ ላይ 21,000 ብር ይቀንስለታል። ወረቀቱ ይህን ያህል ዋጋ ካለው የሚሸጠው መምጣቱ አይቀርም። ያልተሸጠ ዕቃ ደረሰኝ፣ በሌለ ድርጅት ስም የታተመ ደረሰኝ ገበያ ላይ የታየው ለዚህ ነው። ደረሰኝ አለመቁረጥ ገቢን ሳይደርስ ያስቀራል፤ ሐሰተኛ ደረሰኝ ደግሞ የደረሰውን ገቢ መልሶ ያወጣል። ሁለቱም በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በገንዘብም በእስራትም የሚያስቀጡ ናቸው።

መንግሥት ለዚህ የሰጠው ምላሽ በመሣሪያና በወረቀት ላይ ያተኮረ ነው። በደንብ ቁጥር 139/1999 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀም ግዴታ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. የገቢዎች ሚኒስቴር፣ የጉምሩክ ባለሥልጣንና የአገር ውስጥ ገቢ ባለሥልጣን ተዋሕደው የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሲመሠረት የመሣሪያው ክትትል በአንድ እጅ ገባ። ያ መሥሪያ ቤት በ2011 ዓ.ም. እንደገና የገቢዎች ሚኒስቴር ሆኗል። ሚኒስቴሩ በቅርቡ ደግሞ በስልክ ካሜራ ተነብቦ ትክክለኛነቱ ሊረጋገጥ የሚችል ኮድ ያረፈበት የወረቀት ደረሰኝ ሥራ ላይ እንዲውል አድርጓል።

ብር ሲረክስ ቫት ይወፍራል

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። መጣኔው ካልተለወጠ ገቢው በምን ያድጋል? ቀዳሚው ምክንያት ዋጋ ነው። ቫት ከዋጋ ላይ የሚታሰብ በመቶኛ ስለሆነ ዋጋ ሲንር ታክሱም አብሮ ይንራል። ሱቁ ካምናው ያነሰ ዕቃ ሸጦ ካምናው የበለጠ ቫት ሊያስገባ ይችላል።

ይህ ጎልቶ የሚታየው ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ነው። ቫት በአገር ውስጥ ሽያጭ ላይ ብቻ ሳይሆን በጉምሩክ በርም ይሰበሰባል። የሚታሰበውም በዕቃው ዋጋ፣ በማጓጓዣና በመድን ወጪው፣ እንዲሁም በላዩ በተጣሉት የጉምሩክና የኤክሳይስ ቀረጦች ድምር ላይ ነው። ይህ ድምር የሚጀምረው በዶላር ሲሆን ወደ ብር የሚመነዘረው በጊዜው ባለው ተመን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዓመት በኋላ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። በማጓጓዣው ጭምር 10,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያስመጣ ነጋዴ ሌላውን ቀረጥ ትተን ስናሰላ፣ በ57 ብር ጊዜ 570,000 ብር ላይ 85,500 ብር ቫት ይከፍል ነበር። በ130 ብር ግን 1,300,000 ብር ላይ 195,000 ብር ይከፍላል። ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ዕቃው ግን ያው ነው፤ አንድ ካርቶን አልተጨመረበትም።

በሪፖርት ላይ ይህ የገቢ ዕድገት ተብሎ ይመዘገባል። ሐሰት አይደለም፤ ብሩ በእርግጥ ገብቷል። ነገር ግን መንግሥትም ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ የሚገዛው በዚያው በረከሰው ብር ነው። የገባው ብር ምን ያህል እንደሚገዛ ሳይታይ ዕድገቱን ብቻ መቁጠር የጤፍ ዋጋ ረስቶ ደመወዝ እንደ መቁጠር ነው።

ሁነኛው መለኪያ ታክሱ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ጋር ሲነጻጸር ያለው ድርሻ ነው። በ2006 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ የታክስ ገቢ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቱ ከ12 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ግን ከ8 በመቶ በታች ወርዷል። በእነዚያ ዓመታት መካከል በብር የተሰበሰበው ገቢ በየዓመቱ አድጓል ሲባል ነበር። ብሩ አደገ፤ ድርሻው አነሰ። የ2016ቱ አዲስ የቫት አዋጅም የመጣው ይህን ድርሻ መልሶ ለማንሳት ነው።

ለመመዝገብ የሚያበቃው ሽያጭ

ለፉሪ ዓይነት ሰፈር ከመጣኔው ይልቅ ወሳኙ ቁጥር ለቫት ምዝገባ የተቀመጠው ዓመታዊ ሽያጭ ነው። በ1995 ዓ.ም. ይህ ቁጥር 500,000 ብር ነበር። ከዚያ በታች የሚሸጥ ነጋዴ በአዋጅ ቁጥር 308/1995 መሠረት ተርን ኦቨር ታክስ የተባለውን፣ በዕቃ ሽያጭ ላይ 2 በመቶ፣ በአብዛኛው አገልግሎት ላይ 10 በመቶ እንዲከፍል ተደረገ። በኋላ መመዝገቢያው ወደ 1 ሚሊዮን፣ በአዲሱ ሕግ ደግሞ ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሏል።

በብር ሲታይ አራት እጥፍ ነው። በዶላር ሲመነዘር ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ1995 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ9 ብር በታች ስለነበር 500,000 ብር ወደ 58,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር በ130 ብር ሒሳብ 15,400 ዶላር ገደማ ነው። ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ፤ አቅሙ ወደ ታች ወረደ።

በዕለት ሽያጭ እንየው። 2 ሚሊዮን ብር ለ365 ቀን ሲካፈል 5,500 ብር አይሞላም። ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶና ጥቂት ዘንግ ፌሮ የሚሸጥ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ይህን በአንድ ረፋድ ሊያልፈው ይችላል። በ1995 ዓ.ም. ቫት የሚመለከተው ትልልቁን ነጋዴ ነበር። ዛሬ የዋጋው ንረት ብቻውን፣ ንግዱ ሳያድግ፣ የሰፈሩን ሱቅ ወደ መዝገቡ እየገፋው ነው።

ይህም አንዱ የገቢ ዕድገት ምንጭ ነው፤ ጉዳትም ጥቅምም አለው። ጥቅሙ፣ ከላይ እንደታየው ሰንሰለቱ መጨረሻው ድረስ ይዘልቃል፤ ተመዝግቦ በሐቅ የሚሠራው ነጋዴ ካልተመዘገበው ጎረቤቱ ጋር የሚያደርገው ፉክክር ይስተካከልለታል። ጉዳቱ፣ ሒሳብ መያዝ፣ መሣሪያ መግዛትና ማስጠገን፣ በየጊዜው ማሳወቅ ለአንድ ሰው ሱቅ ቀላል ወጪ አይደለም። ይህን ወጪ የማይችል ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርለታል። አንዱ ሽያጩን አሳንሶ ማሳየት ነው፤ ሁለተኛው ሱቁን በሁለት ስም መክፈል ነው። ሁለቱም መዝገቡን ያሰፋሉ ተብሎ የታሰበውን ሕግ ያከሽፋሉ።

አንድ መንገድ፣ ሁለት አስተዳደር

ፉሪ ሌላም የሚያስተምረው ነገር አለው። አካባቢው በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መገናኛ ላይ ያለ ነው። ወዲህ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ወዲያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የሸገር ከተማ ሲሆን፣ ሸገርም በበኩሉ ፉሪ የሚባል ክፍለ ከተማ አለው። የአንዱ ነጋዴ ፈቃድና ግብር ከአዲስ አበባ፣ የሌላው ከኦሮሚያ ሊሆን ይችላል።

ቫት ግን ወዲህም ወዲያም 15 በመቶ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ቫት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለፌዴራልም ለክልልም በስም ተለይቶ አልተሰጠም ነበር። በአንቀጽ 99 መሠረት እንዲህ ያለውን ታክስ የመጣል ሥልጣን የማን እንደሚሆን የሚወስኑት የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሥልጣኑ ለፌዴራሉ መንግሥት ስለተሰጠ ታክሱ አገር አቀፍ ሆነ።

ይህ ባይሆን ምን ይከሰት እንደነበር ሕንድ ታሳያለች። እዚያ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 አጋማሽ ድረስ ማዕከላዊው መንግሥት የራሱን፣ እያንዳንዱ ግዛትም የራሱን የሽያጭ ታክስ ይጥል ነበር። ጭነት መኪናዎች በየግዛቱ ድንበር ኬላ ላይ ወረቀት ሲያስመረምሩ ሰዓታት ያልፋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2017 ሁሉም በአንድ የዕቃና የአገልግሎት ታክስ ተጠቃለሉ፤ የግዛት ድንበር ኬላዎችም ተነሱ።

ገቢውም አደገ። በሕንድ የበጀት ዓመት አቆጣጠር በ2020/21 ጠቅላላ ስብስቡ 11.37 ትሪሊዮን ሩፒ ነበር። በ2024/25 ደግሞ 22.08 ትሪሊዮን ሩፒ ደረሰ፤ በአራት ዓመት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። እዚያም ቢሆን ይህ ሁሉ የጥሩ አሠራር ውጤት ነው ማለት አይቻልም። መነሻው ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ ንግድን ያቀዘቀዘበት ነበር፤ ዋጋም ጨምሯል። ሆኖም በመካከሉ የተሠራ ሥራ አለ። ከ2020 መገባደጃ ጀምሮ ትልልቅ ድርጅቶች ለሌላ ነጋዴ የሚሰጡት ደረሰኝ በኤሌክትሮኒክ መንገድ በቅድሚያ እንዲመዘገብ ተደረገ፤ ግዴታውም ደረጃ በደረጃ ወደ መካከለኞቹ ወረደ። ከላይ ተነስቶ ወደ ታች መውረዱን ልብ ይሏል። መጀመሪያ የተያዘው ሰንሰለቱ የሚነሳበት ትልቁ እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ የመጣኔዎቹ ብዛት ተቀንሶ አብዛኛው ዕቃ በ5 እና በ18 በመቶ ሥር እንዲሆን ተደረገ። ገቢው ሲደላደል መጣኔን መቀነስ እንደሚቻል ማሳያ ነው።

በተቃራኒው የጋና ታሪክ ማስጠንቀቂያ ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 ቫትን በ17.5 በመቶ ስትጀምር ሕዝቡም ነጋዴውም በቂ ዝግጅት አልነበረውም። ዋጋ በአንድ ጊዜ ናረ፤ በአክራ ሰልፍ ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ታክሱም በጥቂት ወራት ውስጥ ተሰረዘ። ተመልሶ የመጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 ሲሆን በ10 በመቶ ነበር። ከፋዩ ያልተቀበለው ታክስ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ገቢ አይሆንም።

በሰማይ ያለች ላም

ስለ ቫት ዕድገት ሲወራ የሚዘነጋ ሌላ ሒሳብ አለ፤ እሱም ተመላሽ ነው። አንድ ነጋዴ ሲገዛ የከፈለው ቫት ሲሸጥ ከሰበሰበው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ቡና ወይም ቆዳ ላኪው ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ በዜሮ መጣኔ ስለሚሸጥ ላኪው ከገዢው ቫት አይቀበልም፤ አገር ውስጥ ሲገዛ የከፈለው ግን ሊመለስለት ይገባል። በ1994ቱ አዋጅ ከሽያጩ ቢያንስ 25 በመቶው በዜሮ መጣኔ የሆነ ነጋዴ በሁለት ወር ውስጥ እንዲመለስለት ተደንግጎ ነበር። ሌላው ነጋዴ ትርፉን ወደ ተከታዮቹ አምስት የሒሳብ ጊዜያት እያሸጋገረ እንዲያቻችል፣ የተረፈው ከዚያ በኋላ እንዲመለስለት ነው የተባለው።

ተመላሹ ሲዘገይ የመንግሥት ገቢ በወረቀት ላይ ያደገ ይመስላል። በእርግጥ ግን ያ ገንዘብ የነጋዴው ነው፤ ያለ ወለድ የተወሰደ ብድር እንደ ማለት ነው። ለነጋዴው ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሆንበታል። ጥሬ ገንዘቡ የታሰረበት ነጋዴ ቀጣዩን ዕቃ ያለ ደረሰኝ ለመግዛት የሚገፋፋው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ቃል ማጥራት ያስፈልጋል። ከታክስ ነፃ መሆንና በዜሮ መጣኔ መሸጥ አንድ አይደሉም። እንደ ሕክምና፣ ትምህርትና የመኖሪያ ቤት ኪራይ ያሉት በ1994ቱ ሕግ ከቫት ነፃ ሲሆኑ አቅራቢው ከደንበኛው ቫት አይሰበስብም፤ ነገር ግን ሲገዛ የከፈለው አይመለስለትም። ክሊኒኩ ለወንበሩና ለቀለሙ የከፈለውን ቫት በካርድና በምርመራ ዋጋ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ ነፃ የተባለውም ነገር ውስጡ ቫት አለ።

የ2016ቱ አዋጅ ከነፃው ዝርዝር ውስጥ አንዳንዱን አውጥቷል። ለምሳሌ ቀድሞ ነፃ የነበረው የቤት ኤሌክትሪክና ውኃ ፍጆታ አሁን ነፃ የሚሆነው እስከ ተወሰነ መጠን ብቻ ነው። ይህ ለኤሌክትሪክ በወር 200 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ለውኃ 15 ሜትር ኩብ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠቀም ይከፍላል። በግቢው በርካታ ተከራይ ይዞ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም የፉሪ ባለ ቤት ይህን መስመር ሊያልፍ ይችላል፤ ጭማሪውም ዞሮ ዞሮ በተከራዩ ላይ ያርፋል። ቆጣሪን መለየት ለቤተሰብ በጀት ጥቅም ያለው አሁን ነው።

ምን ይጠበቃል?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር አጭር ነው። የቫት ገቢ አደገ ሲባል ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል። አንደኛ፣ የዋጋ ንረቱና የምንዛሪው ለውጥ ሲቀነስ ምን ይቀራል? ሁለተኛ፣ ጭማሪው የመጣው ከጉምሩክ በር ነው ወይስ ከአገር ውስጥ ሽያጭ? ከጉምሩክ ብቻ ከሆነ ያደገው የዶላር ዋጋ ነው። ሦስተኛ፣ ለነጋዴው መመለስ ያለበት ተመልሷል?

ነጋዴው በበኩሉ የዕለት ሽያጩን መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል። ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር ሊደርስ ሲል ሳይጠራ ቀርቦ መመዝገብ፣ ኋላ ቀሪ ታክስ ከነቅጣቱ ከመክፈል ይሻላል። ሲገዛም የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ ቀንና የቫቱ መጠን ተለይቶ የተጻፈበት ደረሰኝ መያዙን ያረጋግጥ፤ የጎደለ ደረሰኝ ሲመረመር አይቀናነስም።

ሸማቹም ቢሆን ያለ ደረሰኝ ሲገዛ ያተረፈ ይምሰለው እንጂ የተበላሸ ዕቃ ለመመለስ ማስረጃ የለውም። ቫት ከፍሎ ደረሰኝ ያልተቀበለ ደግሞ ይብስበታል። ያ ገንዘብ ከእሱ ወጥቷል፤ መንግሥት ዘንድ ግን አልደረሰም። የፉሪን መንገድ፣ ውኃና ትምህርት ቤት የሚመለከተው የገቢ ዕድገት እዚያ ሱቅ ባንኮኒ ላይ የሚቀረው ብር ነው።